ከጠርሙስ ወደ አፈር፤ በቲሹ ካልቸር የተባዙ የቤት አትክልቶች አያያዝ

የሸቀጥ ሁሉ ጠባይ አንድ አይደለም። ጨርቅና ቆርቆሮ ከመጋዘን ወጥተው ለገዢው እስኪደርሱ ድረስ ባሉበት ሁኔታ ይቈያሉ፤ ቢዘገዩም አይለወጡም። ሕይወት ያለው ሸቀጥ ግን እንደዚህ አይደለም። ይልቁንም በቤተ ሙከራ ውስጥ በጠርሙስ ተባዝቶ የሚሸጠው የጌጥ አትክልት ከአምራቹ እጅ ሲወጣ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ይምሰል እንጂ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ያለ ነገር ነው። ቀሪውን ግማሽ የሚፈጽምለት ወይ ነጋዴው ወይ ገዢው ነው። ሁለቱም ይህን ሳያውቁ የቀሩ እንደሆነ ለምለም ሆኖ የተገዛው ችግኝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠውልጎ ይሞታል፤ የገዢው ገንዘብ ይጠፋል፤ የባለሱቁም ስም አብሮ ይጎዳል።

የቤት ውስጥ አትክልት የሚያስመጡም ሆነ በችርቻሮ የሚሸጡ ነጋዴዎች ይህን ጉዳት በቀላሉ ሊያስቀሩት ይችላሉ። ሥራው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትና የአንድ ወር ያህል ጊዜ ነው።

ቲሹ ካልቸር ምንድን ነው?

ቲሹ ካልቸር ማለት ከአንድ ጤናማ እናት ተክል ጥቂት ክፍል፣ ብዙውን ጊዜ የማደጊያውን ጫፍ፣ ቈርጦ በመውሰድና ከጀርም በጸዳ ዕቃ ውስጥ በተዘጋጀ ምግብ ላይ በማሳደግ ብዙ ተመሳሳይ ችግኞችን የማውጣት ጥበብ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1902 ያቀረበው ጎትሊብ ሃበርላንት የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፀዋት ሊቅ ነበር። በ1922 አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን የኦርኪድ ዘር ከስኳርና ከማዕድን በተዘጋጀ ምግብ ላይ ሊበቅል እንደሚችል አሳየ። በ1960 ፈረንሳዊው ዦርዥ ሞሬል ከኦርኪድ የማደጊያ ጫፍ ብዙ ችግኝ የሚገኝበትን መንገድ ገለጸ። በ1962 ቶሺዮ ሙራሺጌና ፎልክ ስኩግ ያወጡት የምግብ ቅመራ ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ ቤተ ሙከራዎች ይሠራበታል።

ይህ ጥበብ ከተስፋፋ ወዲህ አንቱሪየም፣ ስፓቲፊለም፣ ሲንጎኒየም፣ ፊሎዴንድሮን፣ ሞንስቴራ፣ ፈርንና ኦርኪድ የመሳሰሉት የቤት አትክልቶች በብዛትና በአንድ ዓይነት መልክ ለገበያ ሊቀርቡ ችለዋል። ጥበቡ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም፤ በአገሪቱ የምርምር ተቋሞች ለቡና፣ ለሙዝ፣ ለእንሰትና ለሸንኮራ አገዳ ተሠርቶበታል። ስለሆነም ከጠርሙስ የወጣን ችግኝ ከውጭው አየር ጋር የማለማመድ ነገር የአበባ ወዳጆች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለእርሻም የሚጠቅም ዕውቀት ነው።

ችግኙ ለምን ይሞታል?

በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ችግኝ የሚኖረው በምቾት ነው። አየሩ በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ ቅጠሉ ውኃውን ለመጠበቅ አይገደድም። በመሆኑም ሌላው ተክል ቅጠሉን የሚሸፍንበት ስስ የሰም ልባስ በርሱ ላይ በሚገባ አይሠራም፤ ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎችም በድርቅ ጊዜ መዘጋትን አልተማሩም። ሥሩ የበቀለው አጋር-አጋር በሚባለው፣ ከባሕር አረም በሚወጣው ዝልግልግ ነገር ውስጥ ስለሆነ በቀላሉ ይሰበራል፤ ከአፈር ውኃ የሚስበው የሥር ፀጉርም እምብዛም የለውም። ምግቡንም ቢሆን በአብዛኛው የሚያገኘው ከስኳር ነው። በአንድ ሊትር የምግብ ውኃ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር መጨመር የተለመደ ስለሆነ ችግኙ በብርሃን ኃይል ምግቡን ራሱ ለመሥራት ገና ደካማ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ችግኝ በድንገት ወጥቶ በደረቅ አየር ላይ ሲቀመጥ ቅጠሉ የሚያጣው ውኃ ሥሩ ከሚያመጣው ይበልጣል። ችግኙ ይጠወልጋል። ባለቤቱም የተጠማ መስሎት ውኃ ያፈስበታል። ጉድለቱ ግን ከአየሩ እርጥበት እንጂ ከአፈሩ አይደለም። አፈሩ ጭቃ ሲሆን ደካማው ሥር አየር ያጣና ይበሰብሳል። ብዙ ችግኝ በጥማት ሞተ ሲባል በእውነቱ የሞተው ሰምጦ ነው።

ቡና የሚነግድ ሰው ይህን ነገር ለማስተዋል አይቸገርም። የቡና ችግኝ በዳስ ጥላ ሥር ካደገ በኋላ ወደ ማሳ ሊወጣ ሲቃረብ ጥላው ጥቂት በጥቂት ይሳሳለታል እንጂ በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ አይጣልም። ሕፃንም ጡት የሚጥለው እህል እየለመደ ነው። የጠርሙሱ ችግኝም ጡት የሚጣልበት ጊዜ ያስፈልገዋል።

ሥራው እንዴት ይከናወናል?

ችግኙ ረጅም መንገድ በጨለማ ሣጥን ውስጥ ተጕዞ እንደ ደረሰ ወዲያውኑ አይተከልም። ጠርሙሱ እንደ ተዘጋ ደኅና ብርሃን ባለበት፣ ነገር ግን ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ስፍራ አንድ ወይም ሁለት ቀን ያርፋል። የተዘጋ ጠርሙስ ፀሐይ ካገኘው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ግሎ ችግኙን ይቀቅለዋል። በዚህ ጊዜ ጠርሙሶቹ አንድ በአንድ ይመረመራሉ፤ ሻጋታ የታየበት ተለይቶ ይወጣና ችግኙ ሳይውል ሳያድር ይታጠባል። ክዳኑ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ግን ማቈየት አይገባም፤ ስኳር ያለበት ምግብ አየር ሲያገኝ ሻጋታ ይጋብዛልና።

ሁለተኛው ሥራ ማጠብ ነው። ውኃ ይፈላና ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል። ችግኙ ሥሩ ሳይጐተት ከጠርሙሱ ይወጣል፤ የያዘው ዝልግልግ በጣት ወይም በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል፤ ውኃውም ሁለት ሦስት ጊዜ ይለወጣል። የቀረ ዝልግልግ ካለ የሻጋታና የባክቴሪያ ምግብ ስለሚሆን ከዚህ ሥራ ላይ መቸኰል ጉዳት ያመጣል። የበሰበሰ ቅጠል ቢኖር በንጹሕ መቀስ ይቈረጣል። ፀረ ሻጋታ መድኃኒት የሚጠቀም ሰው በመያዣው ላይ የተጻፈውን መጠን መጠበቅ አለበት።

ሦስተኛው የመትከያው ነገር ነው። ከጓሮ የተዛቀ አፈር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ይከብዳል፣ ይጨቀያል፣ ጀርምም አያጣም። የሚሻለው አየር የሚያሳልፍና ንጹሕ የሆነ ድብልቅ ነው፤ ለምሳሌ ፒት ሞስ ወይም ከኮኮናት ቅርፊት የሚሠራው ኮኮፒት ከፐርላይት ጋር ተቀላቅሎ ይሠራበታል። ፐርላይት ያልተገኘ እንደሆነ ከእሳተ ገሞራ የወጣውን ቀዳዳ የበዛበት ቀይ ጠጠር አድቅቆ፣ አጥቦና በፈላ ውኃ አጽድቶ መጠቀም ይቻላል። ድብልቁ እርጥብ መሆን አለበት፤ ነገር ግን በእጅ ሲጨመቅ ውኃ የሚያንጠባጥብ መሆን የለበትም። ዕቃው ትንሽና ከሥሩ የተበሳ ይሁን። ለትንሽ ችግኝ ትልቅ ዕቃ መስጠት ሥሩ የማይጠጣውን ውኃ ማከማቸት ነው።

አራተኛው ክዳን ነው። የተተከለው ችግኝ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ወይም ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሣጥን ይሸፈናል። በላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጤዛ ከታየ እርጥበቱ በቂ ነው ማለት ነው። ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቢሆን መልካም ነው። በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድና አየሩም ደረቅ ስለሆነ ችግኙን ሲመሽ ከመስኮት ማራቅ ይገባል። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ይረዳል፤ ነገር ግን ብርሃኑ ስለሚያንስና ሻጋታ ስለሚበረታ አየር መስጠትን መርሳት አይገባም።

አምስተኛውና ዋነኛው ሥራ ክዳኑን ጥቂት በጥቂት መክፈት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይከፈታል። በሁለተኛው ሳምንት ላስቲኩ በጥቂት ቦታ ይበሳል፣ ወይም ክዳኑ ለአንድና ለሁለት ሰዓት ይነሣል። በሦስተኛው ሳምንት ለግማሽ ቀን ክፍት ይሆናል። በአራተኛው ሳምንት ፈጽሞ ይወገዳል። ይህ የቀን ቍጥር መመሪያ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ፈራጁ ችግኙ ራሱ ነው፤ ክዳኑ በተነሣ ጊዜ ከጠወለገ ውኃ ሳይጨመር ወዲያው ይሸፈናል፤ በማግሥቱም ጊዜው አጠር ብሎ እንደገና ይሞከራል። ሲንጎኒየም ፈጥኖ ሲለምድ ኦርኪድ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

በጠርሙስ ውስጥ የበቀሉት አሮጌ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ቢረግፉ ሊያስደነግጥ አይገባም። የሥራው መሳካት የሚታወቀው በአዲሱ ቤት በሚወጣው አዲስ ቅጠል ነው፤ ይህ ቅጠል ከመጀመሪያው ከውጭው አየር ጋር ተስማምቶ የተሠራ ነውና። ማዳበሪያም የሚሰጠው አዲስ ቅጠል ከታየ በኋላ ነው፤ መጠኑም ለትልቅ ተክል ከሚሰጠው ሩብ ያህል ይበቃል።

የነጋዴው ሒሳብ

አሁን ነገሩን በሒሳብ መመልከት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ 100 ችግኝ እያንዳንዱን በ50 ብር ገዛ እንበል፤ ወጪው 5,000 ብር ነው። ከነዚህ ውስጥ 60ዎቹ ብቻ ቢተርፉ የያንዳንዱ ዋጋ 50 ብር መሆኑ ቀርቶ 83 ብር ከ33 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው። በጥንቃቄ ይዞ 90ዎቹን ቢያተርፍ ግን 55 ብር ከ56 ሳንቲም ይሆንለታል። በሁለቱ መካከል ያለው የ27 ብር ከ77 ሳንቲም ልዩነት ለላስቲክ ክዳን፣ ለአንድ ወር መደርደሪያና ለሠራተኛ ጥቂት ሰዓት ከሚወጣው ጋር ተነጻጽሮ መታየት አለበት።

ችግኙን ከነጠርሙሱ ሸጦ ኪሣራውን ለገዢው ማስተላለፍ የሚሻል የሚመስለው ነጋዴም ይኖራል። ይህ ትርፍ ግን ዕድሜ የለውም። አንድ ጊዜ የሞተበት ገዢ ጥፋቱን በራሱ ላይ ቢያደርግ ሁለተኛ አትክልት አይገዛም፤ በሻጩ ላይ ቢያደርግ ደግሞ ለጎረቤቱ ይነግራል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ዋጋ መያዝ የተሻለ መንገድ ነው፤ ይኸውም በጠርሙስ እንዳለ ለሚፈልግ ዐዋቂ ገዢ አንድ ዋጋ፣ ለምዶ አዲስ ቅጠል ላወጣው ደግሞ ከፍ ያለ ሌላ ዋጋ ነው። ከጠርሙስ የወጣበትን ቀንና የአከፋፈቱን ሥርዓት የሚገልጽ አንድ ትንሽ ወረቀት በአማርኛ አዘጋጅቶ ከዕቃው ጋር መስጠት ወጪው ከምንም አይቈጠርም።

አስመጪዎች ሦስት ተጨማሪ ነገሮችን ሊያስቡ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው ሰነድ ነው። ችግኙ ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ውስጥ መሆኑ ብቻ ከቁጥጥር ነፃ አያደርገውም፤ ዕቃው ከመታዘዙ በፊት ስለ ማስገቢያ ፈቃድና ስለ ዕፀዋት ጤና ምስክር ወረቀት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1973 በዋሽንግተን በተፈረመው፣ ሳይተስ በሚባለው የብርቅ ዕፀዋትና እንስሳት ንግድ ስምምነት መሠረት በሁለተኛው መዝገብ የተጻፉት ኦርኪዶች በቲሹ ካልቸር ተገኝተው በጸዳ ዕቃ ሲጓጓዙ በአብዛኛው ከስምምነቱ ግዴታ ውጭ ናቸው። ከጠርሙስ ወጥተው የተተከሉት ግን ይህ አይመለከታቸውም።

ሁለተኛው የዋጋ ነገር ነው። ቅጠላቸው ነጭና አረንጓዴ የሆኑ የሞንስቴራ ዓይነቶች እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በውጭ ገበያ እጅግ ውድ ነበሩ፤ ቤተ ሙከራዎች በብዛት ማውጣት ሲጀምሩ ግን ዋጋቸው ወደቀ። በብርቅነቱ የተወደደ አትክልት ሊባዛ በቻለ ጊዜ ብርቅነቱ ያበቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዕቃ አከማችቶ ዋጋ መጠበቅ አደገኛ ነው።

ሦስተኛው የመልክ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የተባዛ ችግኝ አንዳንድ ጊዜ ከእናቱ የተለየ መልክ ይዞ ይወጣል፤ ዝንጕርጕርነቱም ሊጠፋ ይችላል። ከአዲስ አምራች የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ጥቂት ናሙና አስመጥቶ፣ እስኪለምድና እስኪያድግ ጠብቆ ትልቁን ትእዛዝ በኋላ ቢሰጥ ገንዘቡን ይጠብቃል። በናሙናው ላይም የስንት ችግኝ ሕይወት እንደ ተረፈ በመዝገብ ቢጽፍ ለሚቀጥለው ግዥ ዋጋ የሚቈርጥበትን እውነተኛ ሒሳብ በእጁ ያገኛል።