ከወሊሶ የኰበለለው ልጅ

ከአንባቢዎቻችን መካከል ልጁን ወይም የልጅ ልጁን «ተማር» ብሎ ያልገሠጸ ሰው ይኖራል ብለን አናስብም። ስለዚህም ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ የታወቀ ዘፋኝ ቢሆንም፥ ነገሩ የቤተ ሰብ ነገር ነው።

ጥላሁን ገሠሠ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓመተ ምሕረት፥ በመስቀል በዓል ዕለት፥ በአዲስ አበባ ተወለደ። አባቱ አቶ ገሠሠ ወልደ ኪዳን፥ እናቱ ወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ ይባላሉ። በወሊሶ በአያቱ ቤት ተቀምጦ በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ይማር ነበር። አያቱም ልጁ ከመጽሐፉ ይልቅ ዜማ መውደዱን ባዩ ጊዜ አልተደሰቱም። እኛ በእርሳቸው ልንፈርድ አይገባንም፤ በዚያ ዘመን የዘፈነ ልጅ «አዝማሪ» ተብሎ ሲናቅ፥ የዘመዶቹም ስም አብሮ ይነሣ ነበርና። የትምህርት ቤቱ አለቃ የነበሩት ሱዳናዊው ሚስተር ሸዳድ ግን ልጁን አበረታቱት። ኋላም የሀገር ፍቅር ተጫዋቾች፥ ከነርሱም ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይና አቶ ኢዮኤል ዮሐንስ፥ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው በተጫወቱ ጊዜ የልጁ ልብ ከነርሱ ጋራ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ልጁ ብቻውን ወደ አዲስ አበባ በእግሩ ተነሣ። መንገዱ ከ110 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አያቱ ተከትለው ቱሉ ቦሎ ላይ ደረሱበትና ወደ ወሊሶ ተመለሰ፤ ነገር ግን አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ እንደ ገና ወጣ። በዚህኛው ጊዜ በእግሩ አልታመነም፤ ዕቃ በጫነ መኪና ላይ ተሸሸገ እንጂ። ይህ የጅማ መንገድ በሰበታና በዓለም ገና አልፎ፥ ዛሬ ኮልፌ ቀራኒዮ በሚባለው ክፍለ ከተማ በአየር ጤና በኩል ወደ ከተማ ይገባል። በዚያ ሰፈር የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ከወሊሶ የሚመጣ የጭነት መኪና ባዩ ጊዜ ይህን ልጅ ያስቡት ይሆናል።

ሕዝቡ ሁሉ «ጥላሁን» እያለ እንደ ገዛ ልጁ ስለሚጠራው፥ እኛም ስለ ጐልማሳነቱ ስናወራ «አንቱ» ሳንል እንቀጥላለን። በመጀመሪያ የተቀበለው በ1927 ዓመተ ምሕረት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛወረ፤ ስሙም የገነነው በዚያ ነው። በአሜሪካ እንደ ፍራንክ ሲናትራ ያሉት ዘፋኞች ከሸክላ አሳታሚዎች ጋራ ተዋውለው ሲበለጽጉ፥ የእኛው ዘፋኝ ግን የጦር ሠራዊት ባልደረባ ነበር። ይህም ዋጋ አስከፈለው። በታኅሣሥ 1953 የክቡር ዘበኛ አለቆች መንግሥት ለመገልበጥ ሞክረው ሳይሆንላቸው በቀረ ጊዜ፥ ጥላሁንም ተይዞ ታሰረ። ከእስር ከወጣ በኋላ ግን መዝፈኑን አልተወም።

በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፍኗል። በ1966 ዓመተ ምሕረት በወሎ ረኀብ ጊዜ «ዋይ ዋይ ሲሉ» የተባለው ዘፈኑ ብዙ ሰው አስለቅሷል። በ1985 አንገቱን በስለት ቆስሎ ከሞት ተረፈ። ኋላም በስኳር በሽታ ምክንያት አንድ እግሩ ተቈረጠ፤ እርሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በሕዝብ ፊት ይዘፍን ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓመተ ምሕረት፥ በትንሣኤ በዓል ዕለት፥ በ68 ዓመቱ ዐረፈ። አስከሬኑም በመንግሥት ሥርዓት፥ እጅግ ብዙ ሕዝብ እያለቀሰ ሸኝቶት፥ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።