የሐኪሙ ቃል በችሎት

ሐኪም ስለ ጤና መብት መናገር ሲጀምር ከሁለት ወገን ይያዛል። አንዱ «ፖለቲካውን ተወውና በሽተኛህን አክም» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «መብቱስ ጥሩ ነበር፣ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» ይላል። ሁለቱም ጥያቄዎች እንዲሁ የሚናቁ አይደሉም። ጥያቄዎቹ በደቡብ አፍሪካ ኔቪራፒን በተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ጉዳይ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ድረስ ዘልቀው መልስ አግኝተዋል። ለእኛም ያ ክርክር ዛሬም የሚነግረን ነገር ስላለ እሱኑ መመልከቱ ይበጃል።

መድኃኒቱ አሰጣጡ ቀላል ነበር። ቫይረሱ በደሟ ያለ እናት ምጥ ሲጀምራት 200 ሚሊ ግራም የሆነች አንዲት ክኒን ትውጣለች፤ ሕፃኑም በተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ ጥቂት ሽሮፕ በአፉ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ የሆነው በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል የተካሄደ ጥናት፣ ይህ ዘዴ ኤዜድቲ በተባለው ሌላ መድኃኒት ከሚሰጥ የአጭር ጊዜ ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ቫይረስ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። አምራቹ ቦሪንገር ኢንግልሃይም መድኃኒቱን ለአምስት ዓመት በነጻ ለመስጠት በ2000 ቃል ገባ፤ የደቡብ አፍሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2001 መዘገበው። በዚያን ጊዜ፣ በመንግሥት በራሱ አኃዝ፣ በየዓመቱ 70,000 ያህል ሕፃናት ከእናታቸው በሚተላለፍ ቫይረስ ይያዙ ነበር። የፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ መንግሥት ግን መድኃኒቱ በየክፍለ ሀገሩ ሁለት፣ በድምሩ በ18 የሙከራ ጣቢያዎች ብቻ እንዲሰጥ ወሰነ። የግል ሐኪም እንደ ልቡ ያዝዘዋል፤ ከጣቢያዎቹ ውጪ ባለ የመንግሥት ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል የሚሠራ ሐኪም ግን የምርመራ ውጤቱን በእጁ ይዞም ማዘዝ አይችልም። ገንዘብ ያላት እናት ልጇን ታድናለች፣ የሌላት ዕድሏን ትጠብቃለች ማለት ነው።

በነሐሴ 2001 ትሪትመንት አክሽን ካምፔን የተባለው የሕሙማንና የደጋፊዎቻቸው ንቅናቄ መንግሥትን ሲከስ፣ ሁለተኛው ከሳሽ «ሕፃናታችንን እናድን» የተሰኘውን የሐኪሞች ዘመቻ የሚመሩት የሕፃናት ሐኪም ሀሩን ሳሉጂ ነበሩ። የክሱ ጉልበት ያለው፣ በእኔ አመለካከት፣ እዚህ ላይ ነው። ሕጉን ጠበቃው ያውቀዋል፤ ስቃዩን ሕሙማኑ ያውቁታል፤ በጀቱን ሚኒስቴሩ ያውቀዋል። ዛሬ ማታ፣ በዚህ ክፍል፣ ባለው ሰውና ባለው ዕቃ ምን መሥራት እንደሚቻል የሚያውቁት ግን ሐኪሙ፣ ነርሷና አዋላጇ ናቸው። ከሙከራ ጣቢያዎቹ ውጪ የምርመራና የምክር አገልግሎት ያላቸው ሆስፒታሎች እንዳሉ፣ እዚያ የጎደለው ፈቃድ ብቻ መሆኑን ችሎቱ ከማስረጃው ተረዳ። ሐምሌ 5 ቀን 2002 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ክልከላው ምክንያታዊ አይደለም አሉና እንዲነሳ አዘዙ።

የጤና መብት በሕገ መንግሥት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ «በአቅም መጠን» የምትል ገደብ አብራው ትገባለች። የደቡብ አፍሪካው አንቀጽ 27ም እንዲሁ ነው። እንግዲህ መብቱ ሕይወት ኖሮት መቆሙ ወይም ወረቀት ላይ መቅረቱ የሚወሰነው አቅም እስከምን ድረስ እንደሆነ በሚመሰክረው ሰው ቃል ነው። ባለሙያው የሚያውቀውን ሲናገር ከሙያው አልወጣም፤ ሙያው የሰጠውን ዕውቀት ለሚገባው ቦታ አቀረበ እንጂ።

«ፖለቲካ ነው» ለሚለው ወቀሳ፣ የኔልስፕሩቱ ሮብ ፌሬራ ሆስፒታል ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ታይስ ፎን ሞለንዶርፍ ጉዳይ በቂ መልስ ይመስለኛል። ለተደፈሩ ሴቶች ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥ የበጎ ፈቃድ ቡድን በሆስፒታሉ ውስጥ እንዲሠራ ስለፈቀዱ ከሥራ ተባረሩ። ሰውየው ሰልፍ አልመሩም፣ ንግግርም አላደረጉም፤ ለታካሚ በር ከፈቱ። ማከም ራሱ በትእዛዝ ሲከለከል «ዝም ብለህ አክም» የሚለው ምክር ትርጉም ያጣል።

የገንዘቡ ጥያቄ ይከብዳል፤ በይፋ መመለስም አለበት። ያው ፍርድ ቤት ከኔቪራፒኑ ፍርድ አምስት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በኅዳር 1997፣ የኩላሊት እጥበት የተከለከሉትን የሱብራሞኒን አቤቱታ ውድቅ አድርጎ ነበር። በደርባኑ አዲንግተን ሆስፒታል የነበሩት የእጥበት ማሽኖች 20 ሲሆኑ ከፊሎቹ ያረጁ ነበሩ። አንዱ ታካሚ አራት ሰዓት ይወስዳል፣ ማሽኑን አጽድቶ ለሚቀጥለው ማዘጋጀት ደግሞ ሁለት ሰዓት። ሱብራሞኒን ማስገባት ማለት ሌላ ሰው ማስወጣት ነበር። ያኔም ውሳኔው የተመሠረተው ሐኪሞቹ ማን ቅድሚያ ያግኝ በሚል ባወጡት መመዘኛ ላይ ነው። ስለዚህ የባለሙያው ምስክርነት ሁልጊዜ ከከሳሹ ጎን አይቆምም። «ይቻላል» ማለት የሚችል ሰው «አይቻልም» ሲልም ይታመናል። መብት ጠያቂ ሐኪም የመንግሥትን ካዝና ያራቁታል የሚለው ስጋት ይህንን ፍርድ የዘነጋ ነው።

በኔቪራፒኑ ክርክር መንግሥትም ሙሉ በሙሉ ባዶ እጁን አልነበረም። በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ኔቪራፒን ቫይረሱን መድኃኒት እንዲላመድ ሊያደርገው ይችላል የሚለው ስጋት እውነት ነበረበት፤ ደቡብ አፍሪካም በ2008 ኤዜድቲን ጨምራ አሰጣጡን አሻሻለች። ግን የተሻለ እስኪመጣ ምንም አለመስጠት ከዚህ ስጋት አይከተልም። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ግምት፣ ከ2000 እስከ 2005 ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት መስጠቱ በመዘግየቱ ከ330,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ 35,000 ሕፃናት ደግሞ ከቫይረሱ ጋር ተወልደዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይለወጣል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41(4) መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል፤ አንቀጽ 90 ደግሞ የአገር አቅም በፈቀደ መጠን ሁሉም ዜጋ የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ ይላል። ግዴታው ከመንግሥት ይነሳል እንጂ «ማንኛውም ሰው መብት አለው» ብሎ አይጀምርም። ከዚህም የሚከብደው፣ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ የፍርድ ቤት አለመሆኑ ነው። ሀሩን ሳሉጂ ያገኙት ዓይነት ችሎት የኢትዮጵያ ሐኪም የለውም።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝና ስለ ዲዩቲ ክፍያ ጥያቄ አንስተው ከፊል የሥራ ማቆም ሲያደርጉ፣ የታሰሩ ነበሩ፤ ሥራ ማቆሙም ሕገ ወጥ ነው ተባለ። ብዙ ሰው ነገሩን «የራሳቸው የጥቅም ጥያቄ» ብሎ አለፈው። የጥቅም ጥያቄም ነበር። ነገር ግን በደመወዙ መኖር አቅቶት አገር ጥሎ የሚሄደው ሐኪም ባዶ የሚተወው ክፍል የታካሚ ክፍል ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት የሚቻለው በወረቀት ብቻ ነው። በሥራ ማቆም ላይ ታካሚ እንደሚጎዳ የሚያነሱ ወገኖች እውነት አላቸው፤ ለዚያም ነው ቃል የሚሰጥበት ሌላ ቦታ መኖር ያለበት። ዓመታዊው በጀት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ፣ የሪፈር ወረቀት ይዞ የተመለሰው ሰው ብዛት፣ ፋርማሲው «የለም» ያለባቸው ቀናት፣ የቆሙት ማሽኖች ዝርዝር በባለሙያ ማኅበራት ተሰናድቶ በቋሚ ኮሚቴው ፊት ቢቀርብ፣ አንቀጽ 41(4) «እየጨመረ» ያለው ነገር ምን እንደሆነ በቁጥር ይታያል። የሚያስፈልገው መዝገብ በየሆስፒታሉ አለ። ጽፈው የያዙትም እነዚያው አሁን «አትናገሩ» የሚባሉት ሰዎች ናቸው።