የምድር ዕድሜ፦ ከባሕረ ሐሳብ እስከ አባይ በረሃ

ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ መንገደኛ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ብዙው ሰው ዓይኑ ገደሉ ላይ፣ ሐሳቡ መኪናው ፍሬን ላይ ነው። መንገዱ የቆረጠውን ግድግዳ ልብ ላለ ግን ድንጋዩ አራት ዓይነት መልክ አለው። ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጄሶ ከሸክላማ ድንጋይ ጋር፣ ወንዙ አጠገብ ደግሞ አሸዋማ ድንጋይ። ስለ ምድር ዕድሜ ለሚነሳ ክርክር በአገራችን ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም።

ከገደሉ በላይ ባለው ደጋ፣ በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች፣ በዚህ ክርክር የሚነሳ ቁጥር አለ። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ከዓለም ፍጥረት እስከ ልደተ ክርስቶስ 5500 ዓመት ነው። 2018 ሲደመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለአራት ሲካፈል ሁለት ይተርፋልና 2018 ዓ.ም. ዘመነ ማርቆስ ነው። አበቅቴውና መጥቅዑ፣ ጾመ ነነዌና ትንሣኤ የሚወጡት ከዚሁ ስሌት ነው።

ቁጥሩ ከየት መጣ? ኦሪት ዘፍጥረት አባቶች ልጅ ሲወልዱ የነበራቸውን ዕድሜ ይዘረዝራል፤ የጥንት ሊቃውንት ያንን እየደመሩ ዘመን ቆጠሩ። ድምሩ ግን እንደ ቅጂው ይለያያል። ግዕዙ የሚከተለው የግሪኩ ሰብዓ ሊቃናት አዳም ሴትን የወለደው በ230 ዓመቱ ነው ሲል ዕብራይስጡ 130 ይላል። ዕብራይስጡን የተከተለው የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር እ.ኤ.አ. በ1650 ባሳተመው መጽሐፍ ፍጥረትን ከልደተ ክርስቶስ 4004 ዓመት በፊት አደረገው። የአይሁድ አቆጣጠር ደግሞ 3761 ይላል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የራሳችን ኩፋሌ ነው። ሙሉው በግዕዝ ብቻ የተረፈው ይህ መጽሐፍ ከፍጥረት እስከ ከነዓን መግቢያ ያለውን ዘመን 50 ኢዮቤልዩ፣ ማለትም 2450 ዓመት ያደርገዋል። በዓመተ ዓለም ስሌት ያው ዘመን ከ3500 ዓመት ይበልጣል። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ይዛ ኖራለች፤ በአንዱ ምክንያት ሌላውን አልጣለችም።

ወደ ገደሉ እንመለስ። ላይኛው ጥቁር ድንጋይ ከመሬት ስንጥቅ ፈስሶ የረጋ ቅልጥ ዐለት ነው፤ ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በላዩ የተከመረው የጮቄ ተራራ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነደደ እሳተ ገሞራ ነው። ይህ በግምት የተባለ አይደለም። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 ከፊሉ ቀስ በቀስ ወደ አርገን ጋዝ ይለወጣል፤ ግማሹ ለማለቅ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ዐለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ይወጣል፤ ከረጋ በኋላ ግን መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። የተጠራቀመው ሲለካ ዐለቱ የረጋበት ዘመን ይታወቃል። አሜሪካዊው ክሌር ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1956 ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችን በውስጣቸው ባለው የእርሳስ ልኬት መርምሮ የምድርን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት አለ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እምብዛም አልተነቃነቀም።

ከኖራው ድንጋይ አንዱን ስባሪ አንስቶ ላገላበጠ ሰው የዛጎል ቅርጽ ይታየዋል። ይህን ያየ ምእመን የኖኅ ዘመን የጥፋት ውኃ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም፤ ቦታው ባሕር ነበር ማለቱ ልክ ነው። ነገር ግን ከኖራው ሥር ያለውን ጄሶም ማየት አለበት። ጄሶ ጨዋማ ውኃ በፀሐይ ሲተን ታች የሚቀር ነው፤ የአፍዴራ ጨው እንደሚመረተው ማለት ነው። ተራራ በሚሸፍን ጎርፍ መካከል እንዲህ ያለ ትነት የለም። ጥልቀት የሌለው ባሕር እየገባና እየደረቀ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ከዚያ ኖራው ተነጠፈ፤ ከኖራው በላይ ባለው ንብርብር ደግሞ፣ በአባይ ገባር በጀማ ሸለቆ፣ የዳይኖሰር ጥርስ ተገኝቷል። ይህ ሁሉ የሆነው ጥቁሩ ድንጋይ ገና ሳይፈስ ነው።

ሚሊዮን የሚከብደው ጣናን ይመልከት። ከሐይቁ ሥር የወጣው ደለል ጣና ከ15 ሺህ ከሚበልጥ ዓመት በፊት ደርቆ እንደነበር ያሳያል። ይህ ብቻውን የዓመተ ዓለም እጥፍ ነው።

ድንጋዩን ሁሉ የደረደረው የጥፋት ውኃ ነው የሚለው የዘመኑ ሙግት በሰፊው የተሰራጨው እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ ውስጥ ከታተመው የዊትኮምብና የሞሪስ መጽሐፍ ወዲህ ነው። ከእኛ ባሕረ ሐሳብ ጋር ዝምድና የለውም። በእኔ ፍርድ ምድር በማስረጃ አሮጌ ናት። 7518 ደግሞ ጾምና በዓልን ለዘመናት ያስተካከለ የሊቃውንት ስሌት ነው፤ የድንጋይ ዕድሜ እንዲለካ የጠየቅነው እኛ ነን እንጂ የቀመሩት አባቶች አይደሉም።

የደጀንና የደብረ ማርቆስ የሳይንስ መምህራን፣ እባካችሁ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ወደ አባይ በረሃ ውረዱ። ዲያቆን የሆነው ተማሪ ኩፋሌውን አይጣል፤ ጄሶውን ግን በእጁ ይያዘው። የኔታም ጉልበታቸው ከፈቀደ አብረው ይውረዱ።