አየር ብቻ አይበቃውም

«አፈርም ውሃም አያስፈልገው፤ ከአየር ይኖራል» ብሎ ቲላንድሲያ የሸጠላችሁ ሰው ግማሹን ነው የነገራችሁ። ይህ ተክል የአናናስ ዘመድ ነው። በትውልድ አገሩ በአሜሪካ አህጉር ብዙዎቹ ዝርያዎች ዛፍ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ። ሥሩ መያዣ ብቻ ነው፤ የሚጠጣው በቅጠሉ ላይ ባሉት ጥቃቅን ብርማ ቅርፊቶች ነው።

እዚህ አዲስ አበባ፣ ቀራንዮ ሰፈር የሚያስቸግረው በጋው ነው። ከጥቅምት በኋላ አየሩ ስለሚደርቅ ውሃ እፍ እያሉ መርጨት አያጠግበውም። በሳምንት አንዴ ሳፋ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ውሃ በፈረቃ ነውና በባልዲ ክፍቱን ያደረ ካላችሁ እሰየው፣ ክሎሪኑ ይቀንስለታል። ከዚያ ዘቅዝቃችሁ አራግፉት፤ በ4 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ መሀሉ ይበሰብሳል። በክረምት ብዙ የሚሞተው በዚህ ነው፤ ያኔ በየሁለት ሳምንቱ ይበቃዋል። የዝናብ ውሃ ደግሞ ግሩም ነው።

መዘፍዘፊያው ጠዋት ይሁን። እንደ ቁልቋል ሌሊት ነው የሚተነፍሰው፤ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ከመሸ ይታፈናል።

ብርሃን? የምሥራቅ መስኮት ተመራጭ ነው፤ የጠዋቷ ፀሐይ አትጎዳውም። የደቡብ መስኮት ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የቀትሩ ጨረር ቅጠሉን ያቃጥላል። ስስ መጋረጃ ጣሉበት። ቅጠላቸው ሽበት የመሰለው ብርሃን ይወዳሉ፣ ትንሽ ውሃ ይበቃቸዋል፤ ለስላሳ አረንጓዴዎቹ በተቃራኒው ናቸው።

በመዳብ ሽቦ ግን አትሰሩት፣ ይመርዘዋል።