የሚቆጣ የሌለበት አገር

ወደ ጃፓን ለሚሄድ ሰው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር «ቦርሳህን ጠብቅ» የሚል ነው። ክፉ ምክር አይደለም፤ ለቶኪዮ ግን ብዙም አይሠራም። ባቡር ላይ የተረሳ ቦርሳ ወደ ባለቤቱ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። በየሰፈሩ ያለው «ኮባን» የሚባል ትንሽ የፖሊስ ጣቢያ ሥራው ሌባ ማሳደድ ብቻ አይደለም፤ የጠፋ ዕቃ ይቀበላል፣ መንገድ ለጠፋበትም አቅጣጫ ያሳያል። እንግዳን እዚያ የሚያስቸግረው ሌላ ነው፦ ሲሳሳት የሚነግረው ሰው ማጣቱ።

ጃፓኖች ሌላውን ማስቸገርን «ሜይዋኩ» ይሉታል፤ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዳያደርገው ይመከራል። ይሉኝታ ላሳደገው ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ይሁንና የእኛ ይሉኝታ አፍ ያስከፍታል፤ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ያሰኛል። የእነሱ አፍ ያስዘጋል። ባቡር ውስጥ በስልክ ጮክ ብለው ቢያወሩ የሚገሥጽዎት አያገኙም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይችልዎታል። አንድ ነገር ሲጠይቁት «ቾቶ…» ብሎ ንግግሩን ሳይጨርስ የተወ ሰው ደግሞ እያሰበ እንዳይመስልዎት። እምቢ ብሏል።

ትልቁ ፈተና ገበታ ላይ ነው። ጉርሻ የለመደ እጅ ለወዳጁ ማካፈል ያምረዋል፤ ነገር ግን ምግብን ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ማቀባበል እዚያ ነውር ነው። አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰብ የሟቹን አጥንት በቾፕስቲክ ይዞ ወደ ማኖሪያው የሚያስገባበት ሥርዓት ስላለ፣ እርስዎ ለፍቅር ያደረጉት ለእነሱ ለቅሶ ያስታውሳል። ቾፕስቲክን ሩዝ ላይ ተክሎ መተውም እንደዚያው ነው፤ ሩዝ እንዲያ ሆኖ የሚቀርበው ለሙት ነው። ሌላኛው ጉርሻም፣ ማለትም ለአስተናጋጅ የሚተወው ገንዘብ፣ አይሠራም። ጠረጴዛ ላይ ጥለው ቢወጡ «ረስተዋል» ብላ እየሮጠች ልትመልስልዎት ትችላለች። ቤት ሲገቡ ጫማ ማውለቁን እንኳ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አስተምረውናል፤ ካልሲዎ የተቀደደ እንዳይሆን ብቻ።

በመንገድ ላይ የቆሻሻ መጣያ ካጡ አይገረሙ። እ.ኤ.አ. በ1995 በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር የመርዝ ጋዝ ጥቃት ከደረሰ በኋላ ብዙዎቹ ተነሥተዋል። ሰው ቆሻሻውን ይዞ ቤቱ ይገባል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ በአንድ «ይቅርታ» ያልፋል። ሕጉ ግን እንዲህ ለስላሳ አይደለም። ጎብኚ ፓስፖርቱን ሁልጊዜ ከእጁ እንዳይለይ ይገደዳል፤ ሆቴል ትቶት ቢገኝ እስከ 100,000 የን ሊቀጣ ይችላል። መድኃኒት ላይ በተለይ ይጠንቀቁ፦ ሱዶኤፌድሪን የበዛበት የጉንፋን ክኒን ክልክል ነው፤ አምፌታሚን ያለበት መድኃኒት የሐኪም ማዘዣ ቢኖርዎትም አይገባም። የተፈቀደውን የማዘዣ መድኃኒትም ከአንድ ወር ፍጆታ በላይ ለማስገባት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። እናት ለልጇ የቋጠረችው ቋንጣ ደግሞ ጉምሩክ ላይ ስንቅ መሆኑ ይቀራል፤ የላኪው አገር መንግሥት የምርመራ ምስክር ወረቀት የሌለው የሥጋ ውጤት ስለሆነ ይወረሳል። በወንጀል የተጠረጠረ ሰው ክስ ሳይመሠረትበት እስከ 23 ቀን ሊታሰር እንደሚችል ሲያስቡት፣ ሻንጣን ከመነሣት በፊት መፈተሽ የፈሪ ሥራ አይደለም። በምሽት በቶኪዮ የመዝናኛ ሰፈሮች በካቡኪቾና በሮፖንጊ መንገድ ላይ ክንድ ይዞ «ርካሽ መጠጥ ቤት ላሳይዎ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ይለፉት። የዚያ ቤት ሒሳብ ርካሽ አይሆንም።

በዚህ ዝምተኛ አገር የሚጮኸው ስልክ ነው። ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲቃረብ የሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ ያንባርቃል፤ ያለዎት ጊዜ የጥቂት ሴኮንዶች ነው። ወደ ውጭ አይሩጡ፤ ጠረጴዛ ሥር ገብተው ራስዎን ይሸፍኑ። ለእሳትና ለአምቡላንስ 119፣ ለፖሊስ 110 ይደውሉ። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከሞቱት አብዛኞቹን የገደለው የፈረሰ ሕንፃ ሳይሆን ሱናሚ ያመጣው ውሃ ነበር። ባሕር ዳር ሳሉ መሬቱ በኃይል ወይም ረዘም ላለ ጊዜ ከተንቀጠቀጠ ማስጠንቀቂያ ሳይጠብቁ ወደ ከፍታ ይውጡ። የመጀመሪያው ማዕበል ሲመለስም አይውረዱ፤ ተከታዩ ሊበልጥ ይችላል።