አንገት ሲያም ወደ ማን ይኬዳል?

እ.ኤ.አ. በ2015 የጃፓን ተመራማሪዎች የ1,211 ጤነኛ ሰዎችን አንገት በኤም አር አይ አንስተው ያዩትን አሳተሙ። ጽኑ የአንገት ሕመም ወይም የእጅ መደንዘዝ ያለባቸው ቀድመው ከጥናቱ እንዲወጡ ተደርጓል። እንዲያም ሆኖ 87.6 በመቶ በሚሆኑት ላይ በአንገት አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ከቦታው ገፍቶ ታየ። በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ካሉት ወጣቶች እንኳ ከአራቱ የሦስቱ ያህል ዲስክ ገፍቶ ነበር።

ይህን ጥናት የማነሣው አንገቱን የሚያመው ብዙ ሰው ሕክምናውን ከፎቶው ስለሚጀምር ነው። ተበድሮም ቢሆን ኤም አር አይ ይነሣል፤ ውጤቱ ላይ የዲስክ መንሸራተት የሚል ያነባል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንገቱን እንደ ተሰነጠቀ ብርጭቆ ይጠብቀዋል። የፎቶውን ትልቅ ፖስታ በብብቱ ይዞ ከክሊኒክ ክሊኒክ ይዞራል። አንዱ መርፌ ያዝለታል፣ ሌላው የአንገት ማቀፊያ (ኮላር)፣ ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ይለዋል። ፎቶው አልዋሸም፤ ዲስኩ በእርግጥ ገፍቷል። ነገር ግን የሚያመው በዚያ ምክንያት መሆኑን ፎቶው ብቻውን ሊናገር አይችልም። ወደ ትክክለኛው ሐኪም የሚመራው ሌላ ነገር ነው፤ የሕመሙ ጠባይ።

አንገት ሰባት አጥንቶች አሉት፤ ረጅም አንገት ያላት ቀጭኔም ከዚህ አትበልጥም። እነዚህ ሰባቱ አምስት ኪሎ የሚጠጋውን ጭንቅላት ተሸክመው በየአቅጣጫው ያዞሩታል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስንዞር የእንቅስቃሴው ግማሽ ያህል የሚገኘው ከላይ ባሉት ሁለት አጥንቶች መካከል ነው፤ በእነሱ መካከል ደግሞ ጭራሽ ዲስክ የለም። በአጥንቶቹ ውስጥ ኅብለ ሰረሰር ያልፋል፣ ከግራና ከቀኝ ስምንት ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ፣ ወደ አንጎል የሚሄዱ ሁለት የደም ሥሮችም በአጥንቶቹ ቀዳዳ በኩል ይወጣሉ። በዚያ ላይ ጡንቻው፣ ጅማቱ፣ መጋጠሚያው አለ። ስለዚህ «አንገቴን ያመኛል» የሚለው አንድ አቤቱታ ከብዙ ቦታ ሊመነጭ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 203 ሚሊዮን ሰዎች የአንገት ሕመም እንደነበረባቸው ተገምቷል።

ከሁሉ የሚበዛው ሕመም ከማጅራት እስከ ትከሻ፣ አንዳንዴም እስከ ራስ ጀርባ ድረስ ይዞ የሚቆየው፣ ወደ ክንድ ግን የማይወርደው ነው። ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰ ልብስ ሰፊ፣ መሪ የጨበጠ ሾፌር፣ ከኮምፒዩተር የማይነሣ የቢሮ ሠራተኛ ያውቁታል። ይህ በአብዛኛው የጡንቻና የመጋጠሚያ ሕመም ነው፤ የሚበጀውም ጠቅላላ ሐኪምና ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት ነው። ሕመሙ ከሦስት ወር ሲያልፍ ሥር የሰደደ ይባላል። በዚህ ጊዜ ነርቮችና አንጎል የሕመሙን መልእክት አጉልተው ማስተላለፍ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ የእንቅልፍ እጦትና ጭንቀትም ያባብሱታል። ሐኪም ስለ እንቅልፍና ስለ ጭንቀት ሲጠይቅ ታማሚው «ሕመሜን አላመነኝም» ብሎ ቅር ሊለው አይገባም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ሐኪሙ የሚፈልገው ምን እንደሚያጎላው ነው።

ሕመሙ ወደ ክንድ የሚወርድ፣ የሚያቃጥል ወይም የሚያደነዝዝ ከሆነ የነርቭ ሥር ተነክቶ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ጣቶች ይመሰክራሉ። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ሲደነዝዙ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ስድስተኛው ነርቭ ነው፤ የመሐል ጣት ከሆነ ሰባተኛው፣ ትንሿ ጣት ከሆነች ስምንተኛው። ሐኪሙ ጭንቅላትን ወደሚያመው ጎን አዘንብሎ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሲጫን ሕመሙ ወደ ክንድ ከወረደ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስና እጅን ሲያራግፉት ሻል የሚል መደንዘዝ ግን ከእጅ አንጓ ላይ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ በአንገት ፎቶ ላይ የሚታየው ዲስክ ሁሉንም ሊያሳስት ይችላል። ይህን የሚለየው የነርቭ ሐኪም ነው። ከአንገት የመጣው የነርቭ ሕመም በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻላል። የክንድ ወይም የእጅ ጉልበት እየደከመ ከሄደ ግን አይጠበቅም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ብዙ ሕመም ሳያሰማ የሚመጣው ነው። ኅብለ ሰረሰር ሲጨመቅ አንገት ላያም ይችላል፤ መጀመሪያ የሚያስቸግረው እጅ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታል፣ ጉርሻ ለመጠቅለል ጣት አልታዘዝ ይላል፣ ደረጃ ሲወርዱ እግር ይንገዳገዳል። ሰው ሁሉ «እርጅና ነው» ይላል። ልምድ ያለው ሐኪም ግን ያለ ምንም መሣሪያ ያገኘዋል። የመሐል ጣትን ጥፍር ቆንጠጥ አድርጎ ይለቃል፤ በዚያ ቅጽበት አውራ ጣት ሳይታዘዝ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ልብ ይለዋል። ከዚያ ጡጫን በፍጥነት መጨበጥና መዘርጋት ያዛል፤ ጤነኛ እጅ በ10 ሰከንድ ውስጥ ከ20 ጊዜ በላይ ይጨብጣል። ታማሚው ተረከዝን ከጣት እያገጣጠመ በቀጥታ መስመር እንዲራመድም ያደርጋል። ኤም አር አይ በትክክል ዋጋ የሚያወጣው ከዚህ ምርመራ በኋላ ነው፤ የሚያስፈልገውም የነርቭ ወይም የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ነው፣ ሳይዘገይ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ደግሞ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።

ሌሎችም አሉ። ጠዋት ሲነሡ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይና ሲንቀሳቀሱ የሚላላ ድርቀት፣ ከጣት መጋጠሚያዎች ማበጥ ጋር ከመጣ፣ የሪህና የመጋጠሚያ ሐኪም ጉዳይ ነው። ቢያርፉም የማይለቅ ሕመም፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ከተጨመረበት በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ መታሰብ አለበት። ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ይዞ የገተረ አንገት ደግሞ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል አያድርም።

ስለ ወጌሻዎችም መናገር ግድ ይላል። በወለምታ ብዙ ሰው ረድተው ይሆናል፤ አንገትን በድንገት ጠምዝዞ ቋ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር ግድግዳ ተቀድዶ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። እምብዛም አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን የሚመለስ ነገር አይደለም። ማንም ቢሆን፣ ነጭ ጋዋን የለበሰም ቢሆን፣ አንገትን በኃይል ሊያዞር ሲል «ይቅርብኝ» ማለት ይቻላል።

ፊዚዮቴራፒን በተመለከተ መመዘኛዬ ቀላል ነው፦ ቤት ወስደው የሚሠሩት እንቅስቃሴ ሰጡ ወይ? ሙቀትና ማሽን ለጊዜው ያስታግሳሉ፤ አንገትን የሚያጠነክረው ግን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ የፊንላንድ ጥናት ሥር የሰደደ የአንገት ሕመም ያለባቸው 180 የቢሮ ሴቶች ተሳትፈው፣ አንገታቸውን ለአንድ ዓመት ያጠነከሩት ሕመማቸው በግልጽ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የዴንማርክ ተመራማሪዎች አንገትና ትከሻቸውን የሚያማቸውን ሰዎች በላስቲክ እንዲሠሩ አደረጉ። በቀን 12 ደቂቃ የሠሩትም ሆኑ ሁለት ደቂቃ ብቻ የሠሩት ከ10 ሳምንት በኋላ ሕመማቸው ቀለለ። ሁለት ደቂቃ ሻይ እስኪፈላ የሚጠበቅ ያህል እንኳ አይሞላም። ኮላር ግን ለረጅም ጊዜ ከተደረገ ጡንቻውን ያሰንፈዋል።

ቀጠሮው አጭር ስለሆነ ከቤት በወረቀት ጽፎ መሄድ ይጠቅማል፦ ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ ወዴት ይወርዳል፣ የትኛው ጣት ይደነዝዛል፣ ሌሊት እንዴት ነው፣ ድሮ ይሠራ የነበረ አሁን ግን ያቃተ ሥራ ምንድን ነው። ፎቶው ከዚህ በኋላ ይውጣ። ቀዶ ሕክምና ከታዘዘ ደግሞ «የሚያሻሽልልኝ የትኛውን ምልክት ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የተጨመቀ ኅብለ ሰረሰርን ለማላቀቅ ወይም ወደ ክንድ የሚወርደውን የነርቭ ሕመም ለማስቆም ከሆነ ጥሩ ምክንያት አለው። መልሱ የአንገት ሕመም ብቻ ከሆነ ግን፣ ከመፈረም በፊት ሌላ ቀዶ ሐኪም ጋ ሄዶ መስማት ያስፈልጋል።