አድራሻው የማን ነው?
የኮምፒዩተር ከርነል ከመሣሪያዎች ጋር እንዴት እንደሚነጋገር፣ አንድ የተሳሳተ አድራሻም ምን እንዳስከተለ

በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚላከው በቤት ቁጥር ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር መሆኑን ታውቃላችሁ። አንድ ደንበኛ ሣጥኑን ሲለቅ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይከራያል። ለውጡን ያልሰማ ወዳጅ ግን በዚያው ቁጥር መጻፉን ይቀጥላል። ደብዳቤው በማያውቀው ሰው እጅ ይገባል፤ ጉዳቱም ብዙውን ጊዜ ከመጠነኛ እፍረት አያልፍም። የሣጥኑ ጀርባ ግን ከአንድ ማሽን ጋር የተያያዘ ቢሆን፣ የሚገባበትንም ወረቀት ሁሉ እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ የሚፈጽም ቢሆንስ? እ.ኤ.አ. በ2008 በሊኑክስ ከርነል ላይ የደረሰው ይህን የሚመስል ነገር ነበር።

ማኅደረ ትውስታ የሚመስል፣ ማኅደረ ትውስታ ያልሆነ

ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው። ፕሮግራሞች ዲስክ፣ ኪቦርድ፣ ስክሪን ወይም የኔትወርክ ካርድ የሚጠቀሙት በእርሱ በኩል ነው። ከርነሉ መሣሪያዎችን የሚያዝባቸው ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በኤክስ86 ፕሮሰሰሮች የሚገኘው የተለየ የበር ሥርዓት ሲሆን፣ 65,536 በሮች አሉት፤ እነርሱን የሚያነቡና የሚጽፉ ልዩ መመሪያዎችም ተመድበውለታል። ሁለተኛውና ዛሬ ይበልጥ የተስፋፋው የመሣሪያውን ሬጂስተሮች ልክ እንደ ማኅደረ ትውስታ በአድራሻ መድረስ ነው። በ1970 ለገበያ የቀረበው ፒዲፒ-11 የተባለው ኮምፒዩተር የአድራሻ ክልሉን የላይኛውን 8 ኪሎባይት ለመሣሪያዎች በመተው ይህን ዘዴ ካስለመዱት አንዱ ነበር።

ዘዴው ውብ ነው። ፕሮሰሰሩ አዲስ መመሪያ መማር አያስፈልገውም። ቁጥር ወደ አንድ አድራሻ ሲጽፍ ቁጥሩ ወደ ማኅደረ ትውስታ በመሄድ ፈንታ ወደ ካርዱ ይሄዳል፤ ካርዱም ሥራውን ይጀምራል። ይሁን እንጂ ከውበቱ ጋር አደጋ ተያይዞ መጥቷል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ የአድራሻ ዓይነቶች ፈጽሞ አይለያዩም፤ ጠባያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ነው።

ማንበብም ድርጊት ነው

በተራ ማኅደረ ትውስታ አንድን ቦታ አሥር ጊዜ ብናነብ አሥር ጊዜ ያንኑ እናገኛለን። በመሣሪያ ሬጂስተር ላይ ግን ማንበብ ራሱ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ለምሳሌ 16550 በመባል የሚታወቀው የሲሪያል ወደብ ቺፕ የተቀበላቸውን ባይቶች እስከ 16 ድረስ አሰልፎ ይይዛል፤ የመቀበያ ሬጂስተሩ በተነበበ ቁጥር አንድ ባይት ከሰልፉ ይወጣል። «እስቲ ምን እንዳለ ልይ» ብሎ ያነበበ ፕሮግራም መረጃውን ከባለቤቱ ነጥቋል ማለት ነው።

ሌላም ችግር አለ። ኮምፓይለር ፕሮግራሙን ለማፍጠን ሲል አንድን አድራሻ ደጋግሞ የሚያነብ መዞሪያ ሲያገኝ «ማንም ያልነካው ቦታ አይለወጥም» ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነበው ይችላል። በዚያ ቦታ የመሣሪያውን «ዝግጁ ነኝ» የሚል ምልክት የሚጠብቅ ፕሮግራም ለዘለዓለም ይጠብቃል። ፕሮሰሰሩም በበኩሉ የጽሕፈቶችን ቅደም ተከተል ሊያዛባ ይችላል። የሚላከውን መረጃ ከማዘጋጀታችን በፊት «ላክ» የሚለው ትእዛዝ ለካርዱ ከደረሰ ካርዱ ያረጀ መረጃ ያነሣል። በተጨማሪም በፒሲአይ መስመር ላይ የተጻፈ ትእዛዝ መንገድ ላይ ሊቆይ ስለሚችል ፕሮግራመሮች መድረሱን ለማረጋገጥ ከዚያው መሣሪያ መልሰው ያነብባሉ።

በዚህም ምክንያት የሊኑክስ ከርነል ጸሐፊዎች የመሣሪያን አድራሻ በቀጥታ እንዳይነኩ ይመከራሉ። አድራሻውን በ«አይኦሪማፕ» ያስከፍታሉ፤ በ«ሪድኤል» ያነባሉ፤ በ«ራይትኤል» ይጽፋሉ። እነዚህ አነስተኛ ተግባራት የእያንዳንዱን ፕሮሰሰር ልዩ ጠባይ በውስጣቸው ስለሚሸፍኑ አንድ ድራይቨር በተለያዩ ፕሮሰሰሮች ላይ እንዲሠራ ያስችላሉ።

የ2008ቱ እንቆቅልሽ

አሁን ወደ ታሪካችን እንመለስ። በ2008 የበጋ ወራት ማብቂያ ላይ በመዘጋጀት ላይ የነበረውን የሊኑክስ 2.6.27 ከርነል ሲሞክሩ የነበሩ ሰዎች አስደንጋጭ ነገር ገጠማቸው። ኢ1000ኢ በተባለው ድራይቨር የሚሠሩ የኢንቴል ኔትወርክ ካርዶች በድንገት ሥራ አቆሙ። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማብራት አልረዳም፤ ወደ ቀድሞው ከርነል መመለስም አልፈወሰውም። ካርዱ መለያ ቁጥሩንና ቅንብሩን የሚይዝበት፣ መብራት ቢጠፋም የማይረሳው ቋሚ ማኅደረ ትውስታ ተበላሽቶ ነበር። የሶፍትዌር ስሕተት ሃርድዌርን ገደለ ማለት ይቻላል። የዚያን ማኅደረ ትውስታ ቅጂ አስቀድሞ ያላስቀመጠ ሰው ካርዱን ለማዳን እጅግ ይቸገር ነበር።

ጥርጣሬው መጀመሪያ ያረፈው በድራይቨሩ ላይ ነበር፤ ቀጥሎም በግራፊክስ ሶፍትዌር ላይ። አንዳንድ የሊኑክስ ሥርጭቶች በሙከራ እትሞቻቸው ድራይቨሩን እስከ መዝጋት ደረሱ። የኢንቴል መሐንዲሶች ያንን ቋሚ ማኅደረ ትውስታ ከመጻፍ የሚከላከል ማስተካከያ ጨመሩ። ጉዳቱ ቢገታም «ማን ጻፈበት?» የሚለው ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም።

መልሱ የተገኘው ማንም ባልጠረጠረው ቦታ ነው። በዚያው እትም ኤፍትሬስ የሚባል አዲስ መሣሪያ ገብቶ ነበር። ተግባሩ ከርነሉ ውስጥ የትኛው ተግባር መቼ እንደተጠራ መከታተል ሲሆን፣ ከኔትወርክ ካርድ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ኤፍትሬስ ተግባራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠሩ አድራሻቸውን ይመዘግባል፤ በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚነቃ አንድ አገልጋይም በተመዘገቡት አድራሻዎች ላይ ያለውን ጥሪ ምንም በማይሠራ መመሪያ ይተካዋል። አንዳንድ ተግባራት ግን ሞጁሉ ሲጫን አንድ ጊዜ ብቻ ሠርተው ቦታቸውን ይለቃሉ። ባለ 32 ቢት ኤክስ86 ከርነል ላይ ደግሞ ሞጁሎችና የመሣሪያ አድራሻዎች የሚመደቡት ከአንድ ክልል ነው። ስለዚህ የተለቀቀው አድራሻ ለኔትወርክ ካርዱ ቋሚ ማኅደረ ትውስታ መቆጣጠሪያ ሊከራይ ቻለ። የኤፍትሬስ መዝገብ ግን አልታረመም።

የኤፍትሬስ ጸሐፊዎች ጥንቃቄ አላደረጉም አይባልም። ለመተካት የተጠቀሙበት መመሪያ «አወዳድር፤ ከተመሳሰለ ተካ» የሚል ነበር። የጠበቁት ነገር በቦታው ከሌለ ምንም አይለወጥም ብለው አሰቡ፤ በተራ ማኅደረ ትውስታ ላይ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በኤክስ86 ፕሮሰሰር ይህ መመሪያ ንጽጽሩ ባይሳካም እንኳ ያነበበውን ቁጥር መልሶ ይጽፋል። ማኅደረ ትውስታ የራሱ ቁጥር ቢጻፍበት አይጎዳም፤ ለመሣሪያ ሬጂስተር ግን እያንዳንዱ ጽሕፈት ትእዛዝ ሊሆን ይችላል።

2.6.27 በጥቅምት 9 ቀን 2008 ወጣ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ የተከተለው 2.6.27.1 ይህንን የኤፍትሬስ ክፍል ዘጋው። ከዋና ጸሐፊዎቹ አንዱ ስቲቨን ሮስቴድት የስሕተቱን አመጣጥ በግልጽ አብራርቶ ሥራውን እንደገና አዋቀረው። በ2.6.28 የአድራሻዎቹ ዝርዝር ከርነሉ በሚጠናቀርበት ጊዜ አስቀድሞ የሚዘጋጅ ሆነ፤ አደገኛው መመሪያም በጥንቃቄ አንብቦ፣ አወዳድሮ፣ ከተመሳሰለ ብቻ በሚጽፍ አሠራር ተተካ።

ጥገና ሲባል

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰነፍ ሰው የለም። ድራይቨሩ ትክክል ነበር፤ ኤፍትሬስም ለብቻው ሲታይ ጥንቁቅ ነበር። የፈረሰው በሁለቱ መካከል ያለው ያልተጻፈ ውል ነው፤ «ይህ አድራሻ አሁንም የማውቀው ነገር ነው» የሚለው እምነት። የከርነልን የመሣሪያ ኮድ መጠገን በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ያልተጻፉ ውሎችን ፈልጎ መጻፍ ነው።

ለዚህ የሚረዱ ዘዴዎችም አሉ። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2003 ስፓርስ የተባለ የኮድ መርማሪ መጻፍ ጀመረ። በ2004 ደግሞ የመሣሪያ አድራሻዎች በኮዱ ውስጥ ልዩ ምልክት እንዲይዙ ተደረገ። አንድ ፕሮግራመር ምልክት ያለበትን አድራሻ እንደ ተራ ማኅደረ ትውስታ ከተጠቀመበት ስፓርስ ያስጠነቅቀዋል። ሆኖም ምልክቱ የሚጠብቀው በኮዱ ላይ በግልጽ የሚታየውን አጠቃቀም ብቻ ነው። እንደ ኤፍትሬስ ያለ፣ ቁጥሩን ከአሮጌ መዝገብ ያገኘ እንግዳ ግን ምልክቱን ሳያይ ያልፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ሲለቀቅ ያንን ቦታ ከመዘገቡት ሁሉ ዘንድ የሚሰርዝ ሥርዓት ነው።

ተማሪ አንባቢያን፣ ይህን ኮድ ለማየት ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም፤ የሊኑክስ ከርነል ለሁሉም ክፍት ነው። አንድ ትንሽ ድራይቨር መርጣችሁ ስታነቡ በእያንዳንዱ «ራይትኤል» ላይ ቆም በሉና ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ፦ ይህ አድራሻ የማን ነው? እስከ መቼ የእርሱ ይሆናል? ሲለቀው ማን ይነገረዋል? በ2008 እነዚያን ካርዶች ያሳጣው ሦስተኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ መቅረቱ ነበር።